«አሉ» የሌለበት ወሬ

የትናየት አዲስ አበባ ሆና የአስፈሪ ታሪኮች መድበል ታዘጋጃለች። የላክሁላትን የመጀመሪያ ታሪክ «ጉምና ጫካ ምን ያደርግልሻል? የምትኖሪው ሰመራ አይደለም እንዴ?» ብላ መለሰችው። ልክ ናት። ሁለተኛውን ከአካባቢዬ ጻፍኩት። ቅዳሜ አዋሽ እናቴ ቤት ሳለሁ ደወለች።

«‹አሉ›ን አውጪልኝ» አለች። «‹መንገድ ዳር ይቆማል አሉ፣ እጁን ያነሳል አሉ።› ‹አሉ› ባለበት ማን ይፈራል? አየሁ በይ። እስከ ነገ ማታ ካልላክሽ ያለ አንቺ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

መድበሉ ውስጥ መግባት እፈልግ ነበር። በዚያው ሌሊት «አሉ»ን ሁሉ አወጣሁ። ያስፈራ አያስፈራ ግን የምሞክርበት ሰው አልነበረኝም።

እሁድ ጠዋት ወደ ሰመራ በምመለስበት ሚኒባስ፣ አዋሽ አርባ ላይ ካሚል የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰላምታቸውን ሲጨርሱ «መንገዱ ምን ይላል? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

ይህ ዳጉ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ለየብቻ ይነግራል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይጨምራል። ውሸት አይገባበትም። ሰመራ እየሠራሁ ይህን አላውቅም ማለት አልችልም። ያን ጊዜ የታየኝ ግን አድማጭ ማግኘቴ ብቻ ነው።

«አርብ ስመጣ ገዋኔ አካባቢ አንድ ሰው አየሁ» አልኳቸው። «ቢጫ ጀሪካን ይዞ መኪና ያስቆማል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ‹ውሃ፣ ውሃ› ይላል። ቆመን ስናየው ጀሪካኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው።»

«በየትኛው እጁ ነው የያዘው?»

«በግራው።»

«ጥላ ነበረው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «አልነበረውም» አልኩ።

«ከዚያስ?»

ታሪኩ ገና ቀሪ ነበረው። ፊታቸው ላይ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር ስላላየሁ ተስፋ ቆርጬ «ጥለነው ሄድን» ብዬ ዘጋሁት።

ካሚል ለሹፌሩ ለይገዙ ነገሩት፤ አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው በአፋርኛ ደወሉ። ደግመው ለሌላ ሰው ደወሉ። በመሀል የምትገባኝ ቃል «ጀሪካን» የምትለው ብቻ ነበረች።

ገዋኔን አልፈን ትንሽ እንደሄድን፣ ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰው መሀል አስፋልት ገብቶ እጁን አወዛወዘ።

«በስመ አብ!» አለ ይገዙ። ዳር ይዞ አልፎት ነዳጁን ረገጠው። ወደ ኋላ ስዞር ሰውየው ይሮጣል፤ ከኋላው አንድ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ጋቢናው ተነስቶ ቆሟል። ሌሊት እንኳ ብርድ በማይታወቅበት አገር፣ እኩለ ቀን ነው።

«ቁም!» አልኩ።

«ምኑን ልቁም? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያየሽው?»

«አላየሁም! ድርሰት ነው!»

«የምን ድርሰት?»

ካሚል እጃቸውን አነሱ። «አይተሻል ወይስ አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«ከማን ሰማሽ?»

«ከማንም።»

ከመጀመሪያው መልሴ ይልቅ ይኼኛው አስደነገጣቸው። ይገዙ እየተራገመ ቆመና ወደ ኋላ ነዳ።

ሰውየው የተሳቢው ረዳት ነበር። የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቶ፣ ሹፌሩ ፀሐዩን ሸሽቶ ከመኪናው ሥር ተኝቷል። ሁላችንም መጀመሪያ ያየነው ከሰውየው ፊት ይልቅ ጀሪካኑን ነው። ባዶ ነበር።

«ሰው ምን ነካው?» አለ። «ቅድም ቆመልኝ ብዬ የተጠጋሁት መኪና፣ ጀሪካኑን ሲያይ ሸሸኝ።»

ካሚል አዩኝ። የታሸገውን ውሃ ሰጠናቸው፤ ይገዙም ለመኪናው ያስቀመጠውን ገለበጠላቸው። ስንነሳ ካሚል ቅድም የደወሉላቸው ሰዎች ጋ አንድ በአንድ እየደወሉ ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኝ ጀመር። «አላየሁም በይ።» እላለሁ። «ከማንም አልሰማሁም በይ።» እላለሁ። አንዷ ሴትዮ በአማርኛ «ታዲያ ከየት አመጣሽው?» ብላ ጮኸችብኝ።

«‹አሉ› ብትይ ምን ነበረበት?» አሉኝ ካሚል ስልኩን ኪሳቸው እየከተቱ።

«‹አሉ› ካልኩ ሰው አይፈራም። መጽሐፍ ነው፤ ሰው ገዝቶ ነው የሚፈራው።»

«ገዝቶ?»

«ደስ ስለሚለው።»

«እኔን በነጻ!» አለ ይገዙ ከፊት። ሰዎች ሳቁ፤ ካሚል አልሳቁም። ሚሌ እስክንቃረብ መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥላችሁት ሄዳችሁ። ከዚያስ?»

«ውሸት ነው አልኩዎት እኮ።»

«እሱን ሰማሁ። የድርሰቱን ነው የምልሽ። ‹አሉ› እያልሽ ንገሪኝ።»

እንደማይሠራ እያወቅኩ ጀመርኩ። «ጥለውት ሄዱ አሉ። ትንሽ እንደሄዱ ከኋላ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ጀመር አሉ። ሹፌሩ በመስታወት ሲያይ መጨረሻው ወንበር ሥር ወለሉ ርሷል አሉ…»

መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት እግሯን ከወለሉ አንስታ ወንበሩ ላይ አጠፈች። ይገዙ በዚያ ሙቀት መስኮቱን ዘጋ፤ ወደ መስታወቱ ግን አላየም።

ካሚል መቁጠሪያቸውን ያዝ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ቀጥዪ» አሉ።