የቬንደሊን ሐረግ

"ይህንንስ ማን ሳለው?" አለች ከጎብኚዎቹ አንዷ፣ ጽጌረዳ ወደተሳለበት የራስ ቅል እየጠቆመች።

"ባለቤቴ ነው" አለች ኖትቡርጋ። "ያንንም፣ ከጎኑ ያለውንም እሱ ነው የሳለው።"

እንግዶችን እየመራች መንደሯን የምታስጎበኝበት የእግር ጉዞ ሁልጊዜ የሚያበቃው እዚሁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው የአጽም ቤት ነው። ኖትቡርጋ የጀልባ ቤቶቹን የእንጨት ቅርጽና የየግድግዳውን ሥዕል ስታሳይ ምላሷ አያርፍም፤ እዚህ ስትደርስ ግን ቃል ያጥራታል። በተራራውና በሐይቁ መሀል የተጣበቀችው መንደር ለሙታኗ የሚበቃ መሬት የላትም። መቃብሩ ዓመታት ካለፉት ይከፈታል፤ የራስ ቅሉ ፀሐይ ላይ ከነጣ በኋላ ግንባሩ ላይ ስም ይጻፍበታል፤ ለሴት አበባ፣ ለወንድ ሐረግ ይሳልበታል። ይህን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ባለቤቷ ቬንደሊን ነበር።

"ታዲያ የእሳቸውን ማን ይስልላቸዋል?" አለች ሴትዮዋ።

ኖትቡርጋ ቁልፉን አውጥታ በሩን መዝጋት ጀመረች። የቬንደሊን መቃብር የተከፈተው በዚህ ዓመት ጸደይ ነው።

ከሰዓት በኋላ መቃብር ቆፋሪው ኮርቢኒያን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ወደ ወጥ ቤቷ ገባ።

"እትዬ፣ ነጥቷል" አለ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ እያኖረው። "ነገ የሙታን መታሰቢያ ነው፤ ቄሱ ከመባረካቸው በፊት ስሙ ካልተጻፈበት ማንነቱ ሳይታወቅ ሊቀር ነው። ከተማ አንድ ሠዓሊ አለ፣ እጀ ወርቅ ነው ይሉታል። ልጥራው?"

"ቬንደሊንን ያውቀዋል?"

"ኧረ ከየት አውቆት!"

"እንግዲያው አይነካውም። አንተስ?"

"እኔማ አጥር ስቀባ እንኳ ጎረቤት ይስቅብኛል። ቀለሙን ሲበጠብጡለት የኖሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

"መበጥበጥ ሌላ፣ መሳል ሌላ ነው ልጄ። የስንቱን ስም አሳምሮ ጽፎ፣ እሱ በእኔ እጅ መሳቂያ ይሁን?"

ኮርቢኒያን ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ጨርቁን ስትፈታው መጀመሪያ ያየችው የፊት ጥርሱን ነው። የቢራ ጠርሙስ እከፍታለሁ ብሎ የሸረፈው ጥርስ እንዳለ ነበር። "ሞኝ" አለችው፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳ ናፍቆቱ አልበረደላትም።

ካለቀሰች በኋላ ቀለሙን በጠበጠች። ስሙን ስትጽፍ ፊደሎቹ ዳገት ወጡባት። ሐረጉን ጀመረች፤ የመጀመሪያው ቅጠል ጥቅል ጎመን መሰለ። ጎመን አልበላም እያለ ዕድሜዋን ሙሉ ሲነዘንዛት ለኖረ ሰው! ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋም መልሶ ልቅሶ ሆነባት።

ቅጠሉን ልታጠፋው ጨርቅ አነሣች። ግን ጨርቁን ምድጃው ውስጥ ጣለችው። ከዚያ የመጀመሪያው ቅጠል ብቻውን እንዳይሆን፣ ከጎኑ ሌላ ጎመን የሚመስል ቅጠል ሳለችለት።