አየር የማይጭነው መኪና

ሠፈሩ “ሬዲዮ” ይላታል። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ዝም ያለችበትን ሰዓት አላስታውስም ትላለች። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ቦይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታፍኖ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ተማሪው ጫማውን በእጁ ይዞ መግባት ሲጀምር፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያውን የምትጨብጠው ከእሷ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

“ከዛሬ ጀምሮ ጠርሙስ የሚጥል የለም” አለች። “አቅልጦ ባልዲና ወንበር የሚሠራበት ፋብሪካ አለ። መኪናው መጥቶ ይወስድልናል። ከእኛ የሚጠበቀው መሰብሰብ ብቻ ነው።”

ርዕሰ መምህሩ አጨበጨቡ። አጨብጭበው ሲጨርሱ ግን የት እንደሚሰበሰብ ጠየቁ፤ የትምህርት ቤቱ መጋዘን በተሰባበረ ዴስክ ተሞልቷል። ሬዲዮ አንዴ ከተከፈተች ማጥፊያዋ አይገኝምና “እኛ ቤት” አለች።

እኛ ቤት ማለት የእናቷ የስፌት ክፍል ነው። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር፣ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ መሀል ላይ አራት ሰው የማያነሳው የመቁረጫ ጠረጴዛ። እናትየው የሙሽራ ቬሎ ትሰፋለች።

“አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?” አለች እናትየው ወሬውን ስትሰማ። ቀጥላ ተቆጣች፤ ሠፈርተኛው “ልጅሽ እኮ ጎበዝ ናት” እያለ በየመንገዱ ሲያቆማት ደግሞ ተረታች። “እሺ። ግን ስሚኝ። ከነዚህ ጠርሙሶች አንዲት የለስላሳ ጠብታ ጨርቄ ላይ ካረፈች፣ ከነጆንያሽ ውጭ ታድሪያለሽ።”

በማግስቱ ሰልፍ ላይ አዲስ መመሪያ ወጣ። “ክዳኑን አጥብቁ። የላላ አልቀበልም።” ቀልድም አልነበረም፤ ባለሱቁን አንድ የላላ ክዳን አግኝታበት ከነከረጢቱ መልሳዋለች። ሠፈሩም ታዘዘ። በጨርቅ እየያዘ የሚያጠብቅ ነበር። የራሷ ክፍል ልጆችማ እንዳይታሙ በፕላስተር ጭምር ጠቀለሉት።

መኪናው በዚያ ሳምንት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ጠርሙሱ ግን አንድም ቀን አልቀረም። “የኔ ጎበዝ፣ እንኪ” ትላለች ጎረቤት፤ ጎበዝ የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? በዋናው መንገድ መሄድ ትታ በጓሮ በኩል መሹለክ ጀመረች፤ ጓሮም ከረጢት ይዘው የሚጠብቋት አሉ። ጆንያው በጆንያ ላይ እየተደረበ ጣራ ደረሰ። ከበሩ እስከ ስፌት ማሽኑ የቀረችው መተላለፊያ ድመት የምታመነታባት ዓይነት ሆነች። እናትየው ክርኗን ሰብስባ መስፋት፣ ደንበኞቿን ደጅ አቁማ መለካት ለመደች። መናገሩንም ተወችው፤ ልጅቷን ያስፈራት ይሄ ነው።

ሠርጉ ነገ የሆነ ሙሽራ ቬሎዋን ልትወስድ የመጣች ዕለት፣ እናትየው ደጅ ቆማ ሬዲዮን “ግቢና አውጪላት” አለቻት። “እኔ በዚያ ቀዳዳ አልሾልክም፤ ወገቤ እንዳንቺ ክር አይደለም።”

ሬዲዮ በጎኗ ገባች። ቬሎው ጥግ ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሽቦ የገባበት፣ ድንኳን የሚያህል። እጇን ልትሰድ ስትል ከውጭ ጥሩምባ ተሰማ። መኪናው። ያ ሁሉ ሳምንት የተጠበቀው መኪና። በደስታ ዞር ስትል እጅጌዋ የአንዱን ጆንያ ማሰሪያ ያዘው፤ እላዩ ያለው ተናደ፤ አጠገቡ ያለው ተከተለ፤ በሩም በጆንያ ተገፍቶ ድርግም አለ። አቧራው ሲጠፋ በበሩና በጠረጴዛው መሀል ጣራ የሚደርስ የጠርሙስ ክምር ቆሟል። በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።

እናትየው ከውጭ ገፋች። ሹፌሩ ገፋ። ጠርሙሶቹ ትንሽ ጨመቅ ይሉና እንደ ኳስ መልሰው ይገፋሉ።

“እማዬ” አለች ሬዲዮ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል።

“ቬሎው?”

“ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ።”

“አንቺን ማን ጠየቀሽ?”

ሙሽራዋ ፊቷን ፍርግርጉ ላይ ለጠፈች። “ነገ በምን ላገባ ነው? በጆንያ?”

“አታሟርቺ” አለቻት እናትየው።

ሹፌሩ ወደ ውስጥ አጮልቆ አየና ራሱን ነቀነቀ። “እህቴ፣ በሩ ቢከፈትም እኔ ይሄን አልወስድም። አየር አልጭንም። እንዳለ ብጭነው ፋብሪካ የማደርሰው አንድ እፍኝ ፕላስቲክና የሠፈሩን ሁሉ ትንፋሽ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ተጨፍልቆ ነው የሚመጣው። ለመሆኑ አጥብቁ ያላቸው ማነው?”

እናትየው ጆሮዋን ወደ ፍርግርጉ አስጠጋች።

“ሬዲዮናችን ባትሪ ጨረሰች መሰለኝ” አለች እናትየው።

ክፍሉ ይሞቃል። ዝንብ አንዲት፣ ከየት እንደገባች እንጃ፣ ጆሮዋ ሥር ትዞራለች። ጆንያዎቹ ጀርባዋን ይነካሉ፣ ስትርቃቸው ደግሞ ቬሎው አለ፤ ያንን መንካት ከሞት አይሻልም። ለመቀመጥ ስፍራ የለም። አንዱን ጠርሙስ አንስታ በንዴት ወደ ውጭ ልትጥለው ፍርግርጉ ላይ ገፋችው። አላለፈም። ሆዱ ሰፊ ነው። መልሳ መላልሳ ገፋችው፤ ከዚያ ክዳኑን ያዘች።

አይላላም። ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው ብላ ልትራገም አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ጠመዘዘችው። ፍስስ አለ። ጨፈለቀችው፤ ሹልክ ብሎ በብረቶቹ መሀል ወጣ። ሹፌሩ በእጁ ቀለበው።

“ይሄንን እጭናለሁ” አለ።

“እኔ ነኝ” አለች ሬዲዮ።

“ምኑን?”

“አጥብቁ ያልኩት።”

“አውቄያለሁ። በይ ቀጥይ፤ መሽቶብኛል።”

ሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ የተረፈ ለስላሳ ነበር። ቬሎውን ጀርባዋ አድርጋ፣ አንገቱን በፍርግርጉ አሾልካ ወደ ውጭ ደፋችው።

“ጫማዬን” አለ ሹፌሩ።

“ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ።”

እንዲህ እያለች ከፈተች፣ ደፋች፣ ጨፈለቀች። እያንዳንዱ ጠርሙስ የመጣበትን ቤት ይተነፍስባታል፤ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ነጭ ጋዝ። መዳፏ ላይ የክዳኑ ጥርስ ታተመ። ክምሩን ቀና ብላ ስታየው ምንም የጎደለ አይመስልም፤ ስለዚህ ማየቱን ተወች። ሙሽራዋ ለነገ ያሳመረችውን ጥፍር ረስታ ክዳኖቹን በፍርግርጉ ትቀበላለች።

ፀሐይ ከመስኮቱ ስትዞር በሩ ገርበብ አለ። የእናትየው ክንድ ገባ። ሬዲዮ ልትጨብጠው እጇን ዘረጋች።

“መጀመሪያ ቬሎው።”

ከጭንቅላቷ በላይ አድርጋ በጆንያዎቹ አናት አሳለፈችው። ሽቦው ተጣጠፈ፣ ወጣ፣ መልሶ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ከላይ የቀረው ክምር ተንሸራቶ በሩን መልሶ ዘጋው። ሬዲዮ ከውስጥ።

ውጭ እናትየው ቬሎውን ስፌት ስፌቱን አገላብጣ መረመረች።

“ጠብታ የለውም” አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ እንደ ሐር ለሰለሰ። “ውጭ አታድሪም።”

“መቼ ከዚህ ወጥቼ” አለች ሬዲዮ።

ሙሽራዋ ቬሎዋን አቅፋ ሄደች። ሹፌሩ የተጨፈለቀውን ጭኖ ሞተሩን አስነሳ፤ የመኪናው ወለል እንኳ አልተሸፈነም። ዛሬ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል፤ ማለትም ማንም አያውቅም።

በዚሁ መሀል ከመንገዱ ጫፍ ዘፈን መጣ። ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያቸውን አንግተው ከፊት፣ ተማሪው ከረጢት ተሸክሞ ከኋላ። የሠፈር ዘመቻ ወጥተው ነው።

“እንዳልሽው አጥብቀን ዘግተናል” አሉ በመስኮቱ በኩል፣ ፈገግ ብለው። “ምነው በሩ ተዘጋ?”

“ቲቸር፣ ማጉያውን ይስጡኝ።”

ማጉያው በፍርግርጉ አያልፍም፤ እሱም ሆዱ ሰፊ ነው። ርዕሰ መምህሩ አፉን ወደ መንገዱ አዙረው ያዙላት። እሷም ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ወደ ማጉያው ጀርባ አስጠጋች። መንገዱ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ባለሱቁም ከሱቁ ወጣ።

“ክዳኑን አጥብቁ ያልኳችሁ” አለች፣ “ተሳስቼ ነው። ክፈቱት። ድፉና ጨፍልቁት። ባለሱቅ፣ አንተን በከንቱ ነው የመለስኩህ።”

“ጆሮዬ ላይ ድገሚው” አለ ባለሱቁ።

ደገመችው። ሰዉ ሳቀ፤ ከዚያ አንዱ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ፣ ሌላው አጠገቡ። ፍስስ የሚል ድምፅ ከመንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ሬዲዮ ከእግሯ ሥር ቀጣዩን ጠርሙስ አነሳች። በፕላስተር የተጠቀለለ ነው፤ የራሷ ክፍል ልጆች ሥራ። ጫፉን በጥርሷ ፈልጋ መላጥ ጀመረች።