ካፒቴኑ አንድ ዓይኑን ገልጦ

«ቁም!» አለ ጨረር። ልጅቷ ሪሞቱን ተጫነች፤ የጠፈር መርከቧ ፍንዳታ ቴሌቪዥኑ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጠፈር ላይ አየር የለም። አየር ከሌለ ይሄ ሁሉ ጩኸት ከየት መጣ?»

«በምን ታሳያለህ?» አሉ አባት ከሶፋው ላይ።

የቤቱ ሕግ ነው። የሳይንስ ስሕተት ያየ ሰው ፊልሙን ያስቆማል፤ ያስቆመ ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ማስረዳት አለበት። የልጅቷን የኮሌጅ ጓደኛ ጨረር ያሉት አባት ናቸው፤ ፊዚክስ ስለሚማርና አንድ ቦታ ስለማያርፍ።

ጨረር ስልኩን አስጩኾ ትራስ ሥር ከተተው።

«ይሄማ ትራስ ነው። አልተቀበልኩም፤ ልቀቁት» አሉ አባት።

ተሳሳቁ። እናት ግን ጥግ ላይ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ። ደም ከሚያሳልፉት የአባት የልብ በሮች አንዱ ጠቧል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ካለ ጀምሮ አባት ነገሩ በተነሣ ቁጥር ወሬ ይቀይራሉ። ነገ ለሐኪሙ ቁርጡን መናገር አለባቸው። ልጅቷ ነርስነት ስለምትማር ሁሉንም ታውቃለች፤ እናት ግን ጓዳ ጠርተው፣ «ለቀዶ ሕክምናው ልቡን እንደሚያቆሙት እንዳትነግሪው። ከሰማ እግሩን አያነሣም» ብለዋታል።

ፊልሙ ላይ ካፒቴኑ ወደቀ። የልቡ ምት በማሳያው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ሐኪሟ ደረቱን በኤሌክትሪክ መታችው፤ ካፒቴኑ ዓይኑን መግለጥ ጀመረ።

ጨረር ልጅቷን አያት። ይሄ የእሷ ድርሻ ነበር። እሷ ግን እናቷን ሰረቅ አድርጋ አይታ ጥፍሯን ማየት ጀመረች።

«ቁም» አሉ አባት።

ካፒቴኑ አንድ ዓይኑን ገልጦ ቀረ።

«መስመሩ ቀጥ ካለ በኤሌክትሪክ አይነሣም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«እንቅልፌ መጥቶ ነው አባዬ።»

«እናትሽን እያየሽ ነው እንቅልፍሽ የሚመጣው?»

አባት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ።

«የኔንስ ያቆሙታል?»

እናት «ኧረ በጭራሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። በባላቸው ዓይን ውስጥ ግን ፍርሃት ብቻ ሳይሆን ልመናም ነበር።

«ያቆሙታል» አሉ። «እንዳትነግርህ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

አባት ወደ እሳቸው ዞሩ።

«በምን ታሳያለሽ?»

እናት ከዚህ በፊት በዕቃ አስረድተው አያውቁም። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ከዚያ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ። መኪናው ጸጥ ሲል መርፌውን ፈትተው በጣታቸው ያዙት።

«እየሄደ መርፌ ቀይሬ አውቃለሁ?»

«አታውቂም። ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅም።»

ጨረር መቀመጫው ላይ ተቁነጠነጠ። ሪሞቱን አንሥቶ፣ «ልልቀቀው እንዴ እትዬ?» አለ።

«ይቆይ» አሉ እናት፤ ሪሞቱን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ወንበራቸውን ወደ ሶፋው ሳቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልቡ ሲቆም ደሙን ማን ይገፋዋል? ቀስ ብለሽ ከመጀመሪያው ንገሪን።»