ሳይወርድ ያለፈው

ታረቀኝ ደምበጫ ውስጥ ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ፈረሱ ካረጀበት ወዲያ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወይዘሮ ጥሩነሽን ባጃጅ መንዳት። መንጃ ፈቃድም አውጥቷል። ምን ያደርጋል፣ ድረስ የሚባል የመናኸሪያ ጎረምሳም አውጥቷል፤ ባጃጁ ደግሞ አንድ ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ማንኛቸው ይሻላል ብለው በባጃጁ እንዳይፈትኗቸው፣ ገና የወንበሩ ላስቲክ አልተነሳም። "በአዲሱ ባጃጄ ማንም እጁን አያፍታታም!" አሉና አረፉት። መላ ያመጣችው ጌም ቤት ያላት የእህታቸው ልጅ ሃኒ ናት። "እኔ ጋ መኪና የሚነዱበት ጨዋታ አለ። ከተማው ሰፊ ነው፣ በፈለጉት መንገድ ይሄዳሉ። ቅዳሜ በሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ይንዱና የከተማው ወደብ ጋ ቀድሞ የደረሰው ይቀጠር" አለች።

ታረቀኝ ሊለማመድ ገባ። መጀመሪያ ላይ ግንብ ለግንብ ተላተመ፤ ግን የጋሪ ሰው መንገድ አይጠፋውም፣ ቶሎ ለመደው። አንድ መታጠፊያ ላይ ታዲያ መስቀል ያለበት ትልቅ ሕንፃ ብቅ አለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወረደ! ዕድሜውን ሙሉ ሚካኤል ደጃፍ ሲደርስ ከጋሪው ወርዶ፣ ተሳልሞ፣ ፈረሱን በእጁ ስቦ ነው የሚያልፈው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ታረቀኝም ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አኑሮ፣ ቆቡን አውልቆ አማተበ። ይኼኔ አንዱ መንገደኛ ዘሎ መኪናው ውስጥ ገባና ይዞት እብስ አለ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። "ኧረ ጋሽ ታረቀኝ፣ ጨዋታ እኮ ነው!" አለች ሃኒ እንባዋን እየጠረገች።

አፈረ። ከዚያ ወዲያ እየተመላለሰ ያንን መታጠፊያ ብቻ ተለማመደ። መጀመሪያ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያልፈው፤ እያደር ሳይጨፍንም ማለፍ ቻለ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ጥሩነሽ መጥተው ከሁለቱ ኋላ ተቀመጡ። ድረስ መስቀል ያለበትን ሕንፃ ሽው ብሎ አለፈ፤ ድልድዩ ጋ ግን መንገድ ስቶ ዞረ። ታረቀኝ መስቀሉን ሲያይ ጣቱ ጆይስቲኩ ላይ ወዳለው መውረጃ ሄደ፤ መለሰውና ነዳጅ ጨመረ። ወደቡ ጋ ቀድሞ ቆመ። ሰዉ አጨበጨበለት፣ እሱም እንደ ሕፃን ፈነደቀ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ አላጨበጨቡም። "ያ መስቀል ያለበት ምንድን ነው?"

"ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እትዬ።"

"አይተኸዋል?"

አላየሁም እንዳይል፣ የማያይ ሹፌር ማን ይቀጥራል? "አይቼዋለሁ" አለ።

"ታዲያ ሳትወርድ?"

"ስወርድ መኪናውን ይወስዱብኛል። የሰው ንብረት ነው ብዬ ነው፣ እትዬ።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ወደ ድረስ ዞሩ። "አንተስ?"

"የቱ ቤተ ክርስቲያን?" አለ ድረስ። የምሩን ነው፤ ከአስፋልቱ በቀር ያየው ነገር የለም።

እሳቸውም ቁልፉን ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ለድረስ ሰጡት።

"እንዴ! ያሸነፈው እኮ ጋሽ ታረቀኝ ነው!" ብላ ሃኒ ጮኸች።

"አየሁ እንጂ። ይኼኛው የምሩን ተኝቷል፤ ደጃፉ ስንደርስ ውረድ ብዬ እቀሰቅሰዋለሁ። አውቆ የተኛን ግን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።"

ታረቀኝ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ተነሳ። ወጥቶ መንገዱን ሲጀምር ሴትዮዋን ሊረግማቸው ፈለገ፣ ግን ምን ብሎ? ባጃጁ የራሱ ቢሆን እሱም ለድረስ ነበር የሚሰጠው። አንጀቱን ያሳረረውም ይኸው ነው።