ወደ ግራው ጥግ የሄዱ ኳሶች

የሞተ ተጎዳ ይላሉ። እኔ ግን የተረሳ ነው የተጎዳ ባይ ነኝ። ወንድሜ አምሀ ሞቶም አልተረሳም። እኔ በቁሜ፣ ያውም እናቴ ፊት ላብ በላብ ሆኜ ስሮጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ተረስቼ ነበር። በሞተ ሰው ቀንቻለሁ፤ ይህን ስናገርም አላፍርም።

ሁለታችንም ጅቡቲ ውስጥ የአንድ ጭነት ማመላለሻ ድርጅት ክለብ ደሞዝተኛ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነበርን። እኔ አቀብላለሁ፣ እሱ ከግራው ጥግ ቆሞ ያስቆጥራል። ሳላይ ነበር የምወረውርለት። የት እንደቆመ ከዓይኔ ይልቅ እጄ ያውቀው ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሲል፣ ከልምምድ በሞተር ብስክሌት እየተመለሰ ሳለ፣ ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ገጭቶ ገደለው።

እናቴ አበዛሽ ማዕከላዊ ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሱቋን ዘጋች፣ ምግብም ተወች። ስሜንም አብራ ተወችው። ስትፈልገኝ “አንተ” ትለኛለች፤ ዓይኗ ግን በትከሻዬ ላይ አልፎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ የውብዳር “ልጁን እንኳ እይው እንጂ አበዛሽ፤ እሱም እኮ እንዳንቺው ሐዘንተኛ ነው” ስትላት፣ “የቱን ልጅ?” አለች። ጓዳ ሆኜ ሰማኋት።

ከአርባው በኋላ እትዬ የውብዳር እየጎተተች ጨዋታ አመጣቻት፤ ከግራው ጥግ ጀርባ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻት። ጨዋታው ሲፋፋም እጄ እንደ ልማዱ ሳላይ ወረወረ። ጥጉ ባዶ ነበር። በአምሀ ቦታ የተተካው፣ በእምነት የሚባለው የድሬዳዋ ልጅ ወደ ቅርጫቱ ሮጦ ነበር። ኳሷ መስመሩን አልፋ አንዴ ነጠረችና እናቴ ጭን ላይ አረፈች።

እናቴ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት። ዳኛው መጥቶ እስኪለምናት ድረስ አቅፋ ያዘቻት። ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ በላች። “አምሀ ኳስ ላከልኝ” አለቻት ለእትዬ የውብዳር። “የእሱን ኳስ አላውቅም እንዴ? አመጣጧ ራሱን ነው እኮ።” እትዬ የውብዳር ቀና ብላ አየችኝ። እኔ አቀርቅሬ ጎረስኩ።

በሚቀጥለው ጨዋታ እጄን ተጠነቀቅኩት፤ አንድም ኳስ ወደ ጥጉ አልሄደም። ተሸነፍን፤ እሱስ ይሁን። እናቴ ግን ማታ ምግብ ሳትቀምስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ያደረግኩትን ሁሉ አውቄ ነው ያደረግኩት።

በየጨዋታው ኳስ እልክላት ጀመር። እሷ ሱቋን ከፈተች፣ ሥጋ ለበሰች፣ ከደንበኞቿ ጋር መከራከር ጀመረች። ክለባችን ተንኮታኮተ። አንድ ሁለት ኳስ ቡድን አይጥልም ትሉ ይሆናል። ይጥላል። ኳስ ያለ ምክንያት ስትጠፋ ተጫዋች ይፈራል፤ የፈራ ደግሞ ያለቀለት ነው። ጓደኞቼ የግራውን ጥግ መሸሽ ጀመሩ። አንደኛው “እዚያ ጋ ይበርዳል” አለ። ጅቡቲ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው አዳራሽ! ሳቅኩበት። ልምምድ አልቆ ሁሉም ሲወጣ ግን ሄጄ ቆሜ አየሁት። ይበርዳል።

አሰልጣኛችን ኡበይድ አማርኛ የለመደው ከእኛ አገር ሾፌሮች ስለሆነ ቁጣውም የሾፌር ነው። “ዋላሂ፣ አንተ ለማን ነው የምታቀብለው? ለጂን ነው?” ይለኝ ነበር። ሐዘንተኛ ነው ብሎ ይሉኝታ ስለያዘው ግን ደፍሮ ከጨዋታ አውጥቶ ወንበር ላይ አላስቀመጠኝም። ገበያ ስሄድ ጫት ሻጮቹ “ዛሬስ ማን ገረፋችሁ?” እያሉ ይስቁብኛል። ደጋፊው መምጣቱን ተወ። እናቴ ግን አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።

በመጨረሻ በእምነት መታገስ አልቻለም። የዓመቱ ማብቂያ ጨዋታ ዋዜማ፣ ልምምድ ላይ፣ ኳሷን ይዞ ፊቴ ቆመ።

“ዓመቱን ሙሉ እጄን ዘርግቼ ቆሜልሃለሁ” አለኝ። “ዓይንህ ያልፈኛል እኮ ፀጋዬ። እኔ የለሁም እንዴ?”

እናቴን ልጠይቃት ፈልጌ ያልደፈርኩት ይህንኑ ነበር። እሷ እኔን ያደረገችኝን እኔ ይህን ምስኪን ሳደርገው ከርሜያለሁ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

በነጋታው ከተሸነፍን ከሊጉ እንወርዳለን፤ ድርጅቱም ክለቡን እንደሚበትነው ነግሮናል። እኔ ግን ከዚያ የባሰ ጉዳይ ነበረኝ። ነገ አንድም ኳስ አልልክላትም አልኩ ለራሴ። የምትጠብቀው ሲቀርባት ቀና ትልና እኔን ታየኛለች። ፀጋዬ ትለኛለች። አንዴ ብቻ ትበለኝ።

ጨዋታው ሲጀመር እናቴ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። እንዳላያት ፊቴን አዞርኩ። እየተመራንም እየመራንም ቆየንና፣ ባለቀ ሰዓት አንድ ነጥብ ጎድሎን ኳሷ እጄ ገባች። በእምነት ግራው ጥግ ላይ ነው፤ ከጀርባው እናቴ አለች። እጄ መንገዱን ያውቃልና በበእምነት ራስ ላይ አሳልፎ ሊወረውር ተነሣ። ዓይኔን ወደ ጥጉ አቀናሁ። ዓመቱን ሙሉ ያላየሁትን ልጅ አየሁት፤ መዳፎቹን ከፍቶ፣ እንደማይደርሰው እያወቀም ይጠብቃል። ደረቱ ላይ አቀበልኩት። ወረወረ፤ ገባ።

ጓደኞቼ በእምነትን ተሸከሙት። ኡበይድ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጥተን ከመውረድ ተረፍን፤ የዓመቱ ድላችን ይኸው ነው። እኔ ወደ እናቴ ሄድኩ። ነጠላዋ እንደተዘረጋ ነው፣ ምንም የለበትም። እግሯ ሥር ተንበረከክኩ።

አየችኝ። ያ ዓይኗ ትከሻዬን አላለፈም፤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነጠላዋን አነሣችና ኳሷን ትጠርግ እንደነበረው ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አንገቴን ቀስ አድርጋ ጠረገችኝ። ፊቷ በራ። አንድ ዓመት የጠበቅኩት ፊት ነበር፤ እንባዬ መጣ።

“ኳሷን ትልክልኛለህ ስል፣ ራስህ መጣህ?” አለችኝ። “አምሀዬ!”

በእምነት ከኋላዬ ደርሶ ኖሮ ሰምቷል። “እማማ፣ እሱ እኮ...” ብሎ ሲጀምር እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘሁት።

እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ መልሳ ጠራችኝ። “አምሀዬ?”

“አቤት እማዬ” አልኳት።