የሐጀራ ሩኮላ

ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጠው ጀማለዲን፣ ሐኪም «ደምህ ውስጥ ስብ በዝቷል» ካለው ወዲህ ጥጋብ ናፈቀው። ሚስቱ ሐጀራ ሩኮላ የሚባል ቅጠል ከቲማቲም ጋር ቆራርጣ፣ ሎሚና ዘይት አድርጋበት፣ በምሳ ዕቃ ትልክለት ጀመር። «ለልብም ለአጥንትም ደግ ነው» ትላለች። አንዴ ቢቀምሰው እንደ ሰናፍጭ አፍንጫው ድረስ ወጣበት።

«ሠላሳ ዓመት ነግጄ፣ መጨረሻዬ የፍየል ቀለብ!»

የጎረቤት ሱቅ ባለቤቱ ዛኪር ግን ምሳ ዕቃውን አጮልቆ አየና ጮኸ። «ጅርጅር አይደል እንዴ! ጅዳ ሳለሁ ያለ እሱ ሩዝ አልበላም ነበር።»

ለዛኪር ደግሞ ሚስቱ ማሂራ በየቀኑ በቅቤ ያበደ ጥብስ ነው የምትልክለት። ምሳ ዕቃ ተቀያየሩ፤ በማግስቱም፣ በሳልስቱም። ጀማለዲን ማታ ማታ ለሐጀራ ባዶውን እያሳየ «ጨረስኩት» ይላል።

ከሁለት ወር በኋላ ሐጀራ ሳትናገር ሱቅ መጣች። ዛኪር መሰላሉን እንደ ጦጣ ወጥቶ ከላይ ጋቢ ያወርዳል፤ ሱሪውን የያዘለት ቀበቶው ብቻ ነው። ጀማለዲን ዱካው ላይ ተቀምጦ ያለከልካል፤ ሸሚዙ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሏል።

ሐጀራ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ነደዳት።

«ያ ሁሉ ቅጠል የት ገባ? በቃ፣ ሩኮላ ቀረ! ማሂራን ባሏን ምን እንደምታበላው እጠይቃታለሁ። ከነገ ጀምሮ አንተም እሱን ነው የምትበላው!»

ዛኪር መሰላሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ጀማለዲን ግን ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም።

«ጠይቂያት» አለ። «አሁኑኑ ደውዪላት።»