የራስጌው ጋዜጣ

ከቀትር በኋላ ጭቃ መራጊ ስለሚመጣ ታቢታና እናቷ ብርቅዬ ከማለዳ ጀምረው ዕቃ ያወጣሉ። ከአልጋ ሥር የኖረው ሳጥን የተከፈተው ያኔ ነው፤ ምነው ባልተከፈተ። የአዋሳ ሐይቅ እርጥበትና የሚያፈስ ጣሪያ ተባብረው የቤተሰቡን ፎቶግራፎች እንደ ቂጣ አጣብቀዋቸዋል። ታቢታ አንዱን ላላቅቅ ስትል የሰርጉ ፎቶ ተላጠ፤ የአባቷ ፊት ከነበረበት ቦታ ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረ።

አባቷ ፍቅሬ የሞተው እሷ ጡት ሳትጥል ነው፤ መልኩን አታውቀውም። ብርቅዬ ፎቶውን ባየች ቁጥር እህል አልቀምስ እያለች ስላስቸገረች ዘመድ መክሮ ሳጥኑን አስቆለፈው። ልጅቷም «ስታድጊ ታዪዋለሽ» እየተባለች አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። እኛ ሰዎች የቆለፍነው ሁሉ የዳነ ይመስለናል።

የፍቅሬ እህት ደስታነሽ ልታግዛቸው ከቱላ መጥታ ነበር። የሳጥኑን ጉድ ስታይ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች የደበቀችውን ተናገረች። ፍቅሬ በብስክሌት ውድድር አንደኛ ወጥቶ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ታትሞ ነበር። በሐዘኑ ሰሞን ብርቅዬ ወላጆቿ ዘንድ ሳለች፣ ደስታነሽ ቤቱን ጋዜጣ ስትለጥፍ ያንንም ቁራጭ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ለጥፋዋለች። ሐዘንተኛዋ እንዳታየው፣ እሱም ከቤቱ እንዳይወጣ ብላ ነው። ፎቶዎቹ ደህና መስለዋት እንጂ ይህን ያህል ዘመን አፏን ባልያዘች።

ታቢታ ቢላዋ አነሳች። አክስቷ ቀምታ እርጥብ ጨርቅ አስያዘቻት። ግድግዳው በጠቆረ ቁጥር አዲስ ሲደረብበት ኖሯልና በመጀመሪያ የአብዮት በዓል ሰልፍ ተላጠ፤ ከሥሩ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፤ ከሥሩ ደግሞ የቡና ምርት። በዚህ መሃል መራጊው ኩማ ደረሰ። ያቦካሁት ጭቃ ሊደርቅብኝ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ነገሩ ሲነገረው ግን እሱም ጨርቅ ነክሮ ተጠጋ።

ድንገት ከወረቀቱ ሥር ሳሙና ይዛ የምትስቅ የማስታወቂያ ሴት ብቅ አለች። ታቢታ አወቀቻት። ፊደል የለየችው በእሷ ነው፤ አልጋዋ እዚህ ጥግ ሳለ የማስታወቂያውን ቃል በጣቷ እየተከተለች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

«እሷው ናት» አለች ደስታነሽ። «ከጀርባዋ ነው። ሙጫውን ዳር ዳሩን ብቻ ነው የቀባሁት።»

ጨርቁ ተቀመጠ፤ አሁን ተራው የቢላዋው ሆነ። ታቢታ ትንፋሿን ውጣ ጠርዙን ዞረችው። ወረቀቱ እጇ ላይ ወደቀና ገለበጠችው።

ፀሐይም ጭስም አልነካውም። አንድ ወጣት ብስክሌቱን ደግፎ ይስቃል፤ ፍንጭት ጥርሱ ቁርጥ የታቢታ ነው። ደስታነሽ እልል አለች። ታቢታም ደስታው አላስቆም ብሏት እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ያን ሁሉ ሌሊት ራስጌዋ ነበር ለካ።

ኩማ ከተሰበረ መስኮት የተረፈ መስታወት ጠራርጎ ሰጣት። ታቢታ ወረቀቱን ከመስታወቱ ሥር ልታስገባው ስትል እጇ ቆመ፤ እናቷን ፈራች። ብርቅዬ ዕቃ ከምትደረድርበት ደጅ ገብታ ጋዜጣውን ብዙ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ መስታወቱን ግን ራሷ ያዘችላት።

«ፊቱን ወደ እኛ አድርጊው» አለች።